ስለ አንድ «አይሮጥም» ስለተባለ 10 ቁጥር

የዛሬው ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ኳስ የማትወዱ ለዛሬ ይቅር በሉኝ፣ በሚቀጥለው ወደ ተለመደው ታሪካችን እመለሳለሁ። ለነገሩ ይሄም ታሪክ ነው።

ጉዳዩን ያመጣው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። አሁን በአንድ ክለብ የወጣት ቡድን ውስጥ ረዳት አሰልጣኝ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም የአንድ የ18 ዓመት ልጅ ቪዲዮ ላከልኝና ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቲቸር፣ ልጁ አጥቂ አማካይ ነው። ኳስ ይችላል፣ ዕይታው ለጉድ ነው፣ ቅጣት ምት ይመታል። ግን ዘገምተኛ ነው። ኳስ ስንነጠቅ አይሮጥም። ዋናው ቡድን ይውሰደው ወይስ ይቅር ብለው አስተያየት ጠይቀውኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የኳስ ባለሙያ አይደለሁም። በሥራ ዘመኔ የትምህርት ቤቱን ቡድን አሰለጥን የነበረውም ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ ነው። ቢሆንም ጥያቄው ሲደርሰኝ ወዲያው አንድ ሰው ትዝ አለኝ፣ አርጀንቲናዊው ሁዋን ሮማን ሪኬልሜ። በቴሌግራም ሦስት መስመር መልሼለት ነበር፤ ካሰብኩበት በኋላ ግን ሦስት መስመር እንደማይበቃው ገባኝ። (ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ዓ.ም. ያልኩት ቦታ ላይ ብቻ የኛ ነው።)

መጀመሪያ ወደ አንድ ምሽት ልውሰዳችሁ።

ሚያዝያ 17 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። ፋሲካ እሁድ ነበር፤ ገና የበዓሉ ዶሮ አላለቀም። ሐዋሳ፣ አንዲት ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተቀምጠናል። የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ የመልስ ጨዋታ ነው፣ ቪያሪያል ከአርሰናል። እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፣ ይህን የማያውቅ ተማሪ ያለኝ አይመስለኝም። ከሳምንት በፊት ሃይበሪ ላይ ኮሎ ቱሬ ባገባት አንዲት ግብ እየመራን ነው። ያቺን አንድ ግብ ይዘን ጥፍራችንን እየበላን 89ኛው ደቂቃ ደረሰ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ክሊሺ ሆሴ ማሪን ጣለው ተባለና ዳኛው ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ።

ቤቱ ዝም አለ። ሪኬልሜ ኳሷን አስቀመጠ፣ መታ፣ የንስ ሌማን አዳናት።

ጩኸቱን ልነግራችሁ አልችልም። ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ ስዘል አስታውሳለሁ። ሲበርድልን ዞር ስል በግራዬ የተቀመጠው ልጅ አልተነሳም። ያኔ 11ኛ ክፍል ነበር፣ በኔው ቡድን ውስጥ 10 ቁጥር ለባሽ። «ቲቸር፣ እዚህ ያደረሳቸው እኮ እሱ ነው» አለኝ። እኔም «እዚህ ያስቀራቸውስ ማን ሆነና?» ብዬ ሳቅኩበት።

አሁን ስለ ሌላ ልጅ «አይሮጥም» ብሎ የጻፈልኝ ያው ልጅ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰውዬው እንሂድ። ሪኬልሜ በ1978 ዓመት ከቦነስ አይረስ ወጣ ባለ ሰፈር፣ ብዙ ልጆች ካሉበት ደሃ ቤት ተወለደ። በአርጀንቲኖስ ጁኒየርስ አደገ፣ ማራዶና የወጣበት ክለብ ነው። በ1996 በ18 ዓመቱ ለቦካ ጁኒየርስ ዋና ቡድን ተሰለፈ። በ1998 ካርሎስ ቢያንቺ የሚባል አሰልጣኝ ቦካን ሲረከብ ነገሩ ሁሉ መልክ ያዘ። ቢያንቺ ቡድኑን የሠራው በልጁ ዙሪያ ነው፤ ሌላው ኳስ ይነጥቃል፣ ለሪኬልሜ ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይሮጣል። በዚህ አካሄድ ቦካ በሀገር ውስጥ ሊግ 40 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆየ። በ2000 እና በ2001 የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ፣ ኮፓ ሊበርታዶሬስን፣ አከታትሎ ወሰደ።

አንድ ጨዋታ ብቻ እዩ ብባል የምመርጠው በ2000 ኖቬምበር ቶኪዮ ላይ ቦካ ከሪያል ማድሪድ ያደረጉትን ነው። የዓለም ክለቦች ዋንጫ በዚያን ጊዜ በአንድ ጨዋታ ነበር የሚለይለት። ማድሪድ ፊጎ፣ ራውል፣ ሮቤርቶ ካርሎስ፣ ኢየሮ አለው። ሪኬልሜ 22 ዓመቱ ነው። ፓሌርሞ በመጀመሪያዎቹ 6 ደቂቃዎች ሁለት አገባ። ሁለተኛዋ ሪኬልሜ ከራሱ ሜዳ በረጅሙ በላካት ኳስ የተገኘች ናት። ከዚያ በኋላ የቀረውን ጊዜ ሰውዬው ኳሷን ደበቃት ነው የምለው። ማኬሌሌ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ጄሬሚ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ጀርባውን ይሰጣቸዋል፣ ኳሷን በጫማው ሥር ያሽከረክራታል፣ ጥፋት ይሠሩበታል። ተነስቶ እንደገና። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። በዘጠና ደቂቃው ውስጥ ሰውዬው ፈጥኖ የሮጠበትን ጊዜ ፈልጉ፤ በጣት የሚቆጠር ነው።

እስቲ አሁን እናንተ በ2002 የአንድ ትልቅ የአውሮፓ ክለብ ተጫዋች መልማይ ናችሁ እንበል። ወረቀቱን ሙሉት።

ከጥንካሬው እንጀምር። የመጀመሪያ ንክኪው ኳሷን ይገድላታል፤ ምንም ያህል ከርራ ብትመጣ እግሩ ሥር ትተኛለች። ሰውነቱን በኳሷና በተከላካዩ መሀል ማስገባት ያውቅበታል። ቅጣት ምቱና የማዕዘን ምቱ የግብ ያህል ናቸው። ሌላው ተጫዋች ያላየውን መስመር ያያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አርጀንቲናዎች «ፓውዛ» የሚሉት ነገር አለው፣ ቆም ማለት። ኳሷን ይዞ ለአንዲት ሰከንድ ይቆማል፤ ያቺ ሰከንድ ውስጥ አጥቂው ይሮጣል፣ ተከላካዩ ይሳሳታል፣ ክፍተት ይፈጠራል። ጀበናውን ከእሳት ላይ መቼ እንደምታነሳ የምታውቅ እናት አይታችኋል አይደል? ሰዓት አታይም፣ ግን አትስትም። እንደዚያ ነው።

ድክመቱስ? ፍጥነት የለውም። ወጣት ሆኖም አልነበረውም፣ ስለዚህ ዕድሜ ያመጣው ነገር አይደለም። ኳስ ሲነጠቅ ተከትሎ አይጫንም። በግራም በቀኝም መስመር ብታስቀምጡት አይሆንም፤ ከመሀል ሲወጣ ግማሽ ሰው ነው። ኳሷን ቶሎ ቶሎ ካላገኘ ይቀዘቅዛል። ፊቱ ላይ ሳቅ አይታይም፤ በአሰልጣኝም በፕሬዚዳንትም ካኮረፈ ይከርራል። በ2001 ከክለቡ ፕሬዚዳንት ጋር በደሞዝ ተጣልቶ ሳለ ሪቨር ፕሌት ላይ ግብ አገባና ወደ ክብር ትሪቡኑ አቅጣጫ ሄዶ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆመ። ሲጠየቅ ልጄ የምትወዳት የአሻንጉሊት አይጥ ናት አለ። (ፕሬዚዳንቱ ማውሪሲዮ ማክሪ ይባላል፣ ኋላ የአርጀንቲና ርዕሰ ብሔር የሆነው ሰውዬ።)

ወረቀቱ ላይ አንድም ሐሰት የለም። ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ጥንካሬውም ድክመቱም ልክ ነው። ሁሉም ያየው ነገር ነው።

ባርሴሎና በ2002 ክረምት ገዛው፤ ዋጋው ወደ 11 ሚሊዮን ዩሮ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሙ በአጋቾች ተወስዶ ቤተሰቡ ገንዘብ ከፍሎ ነበር ያስለቀቀው፤ ስለዚህ ከሀገሩ የወጣው በሙሉ ልቡ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ሪቫልዶ ስለሄደ 10 ቁጥሩን ሰጡት። አሰልጣኙ ሉዊ ቫንሃል ነበር። ቫንሃል ልጁን ያመጣው የክለቡ አመራር እንጂ እኔ አልመረጥኩትም የሚለውን ስሜቱን አልደበቀም። ሥርዓት ያለው ሰው ነው፣ በቡድኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተሰመረ ቦታ አለ፤ ነፃ ሆኖ መሀል ላይ የሚንጎራደድ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ግን የለም። ስለዚህ ሪኬልሜን ሲያሰልፈው ብዙ ጊዜ ወደ መስመር አወጣው። የሆነውም ከላይ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ሆነ። በሊጉ 30 ጊዜ ተሰልፎ 3 ግብ አገባ። ቫንሃል ራሱ ጃንዋሪ 2003 ላይ ተሰናበተ፣ ባርሳ 6ኛ ሆኖ ጨረሰ። በክረምቱ ሮናልዲኒዮ መጣ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተጫዋቾች ያለው ኮታ ሞላ፣ ሪኬልሜ ተረፈ ተባለ።

እዚህ ጋ ቫንሃልን ክፉ ሰው አድርጎ መጨረስ ቀላል ነው። ብዙ የሪኬልሜ ወዳጆች እንደዚያ ነው የሚተርኩት። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና አንድ ሰው ላይ ከመጫኔ በፊት ዘመኑን አያለሁ።

ሪኬልሜ የሚጫወትበትን ቦታ አርጀንቲናዎች «ኤንጋንቼ» ይሉታል። የባቡር ፉርጎዎችን የሚያያይዘው መቆላለፊያ እንደ ማለት ነው፤ የኋላውን ከፊቱ የሚያገናኝ። የእርሱ ዓይነት ሰው እንዲኖር በመሀል ሜዳና በተከላካይ መስመር መካከል የሆነ ባዶ መሬት መኖር አለበት። ያ መሬት ደግሞ እየጠበበ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሪጎ ሳኪ ኤሲ ሚላንን ይዞ መጣና አጥቂውንም ተከላካዩንም አቀራርቦ አንድ ላይ አንቀሳቀሳቸው፣ መሀል ላይ መተንፈሻ ጠፋ። ቀጥሎ እንደ ማኬሌሌ ያለ ሰው በዚያው ባዶ መሬት ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀመጠ። ታዲያ 10 ቁጥሮቹ ምን ሆኑ? ተሰደዱ። ዚዳን በማድሪድ ወደ ግራ ወጣ። ፒርሎ 10 ቁጥር ሆኖ ጀምሮ ሚላን ላይ ከተከላካዮቹ ፊት ተቀመጠ፤ እዚያ ጫናው ስለሚቀል ጊዜ አገኘ። ሮናልዲኒዮም በባርሳ ከግራ መስመር እየተነሳ ነበር ያንን ሁሉ ተአምር የሠራው፤ ሰው አታሎ የማለፍ ፍጥነት ስላለው ቻለበት። ሪኬልሜ ግን አልተሰደደም። አልቻለምም፣ አልፈለገምም። በ2002 እርሱን የሚገዛ ክለብ ጥያቄው «ይህ ልጅ ጎበዝ ነው ወይ?» አልነበረም፣ ጎበዝነቱን ማንም አልካደም። ጥያቄው እርሱን ለማስቀመጥ ሌሎቹን አሥር ሰዎች ለማንቀሳቀስ ፈቃደኛ ነን ወይ የሚለው ነበር። ባርሳ ይህን ሳይጠይቅ ገዛ።

ቪያሪያል ጠየቀ። ቪያሪያልን አታጋንኑት፤ ያኔ 50 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት፣ በሴራሚክ ፋብሪካ የምትታወቅ ከተማ ናት። ከተማው በሙሉ ወጥቶ የባርሳን ስታዲየም አይሞላም። በ2003 ሪኬልሜን በውሰት ወሰዱት። በ2004 ቺሊያዊው ማኑኤል ፔሌግሪኒ አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ፔሌግሪኒ በአርጀንቲና ሪቨር ፕሌትንና ሳን ሎሬንዞን ያሰለጠነ ነው፤ ኤንጋንቼ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከኋላው ማርኮስ ሴናንና ሆሲኮን አቆመለት፣ እነሱ ይሮጡለታል። በመስመሩ እንደ ሶሪንና አሩዋባሬና ያሉ አርጀንቲናዊ የመስመር ተከላካዮች ወደ ፊት ይወጣሉ። ፊት ለፊት ከማንቸስተር ዩናይትድ ብዙም ሳይሳካለት የመጣው ዲዬጎ ፎርላን ተከላካይ ጀርባ ይሮጣል። በ2004/05 ፎርላን 25 ግብ አግብቶ የላሊጋ ኮከብ አግቢ ሆነ፣ ሪኬልሜ ራሱ 15 አገባ፣ ቡድኑ 3ኛ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ።

በሻምፒዮንስ ሊጉም ኤቨርተንን በማጣሪያ አስወጡ። ማንቸስተር ዩናይትድ ካለበት ምድብ አንደኛ ሆነው አለፉ፣ ዩናይትድ መጨረሻ ወጣ። ሬንጀርስን ከሜዳ ውጭ ባገባ ሕግ፣ ኢንተር ሚላንን በአሩዋባሬና ግብ ጣሉ። ከዚያ ያቺ ምሽት።

ፍጥነቱ ግን ባርሳ ላይ ከነበረው አልጨመረም። ኳስ ሲነጠቅም ያው ነው። ወረቀቱ ላይ ድክመት ተብሎ የተጻፈው አንድም አልተሰረዘም። ሌላ ሰው ተሸከመለት እንጂ።

አሁን ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። እንዲህ ያለ ተጫዋች ይዞ መኖር ውድ ነው። ሁሉም ኳስ በአንድ ሰው በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲያኮርፍ ቡድኑ ያኮርፋል፣ ሲታመም ቡድኑ ይታመማል። ያቺን ፍፁም ቅጣት ምት ሌላ ማን ይመታታል ብሎ የጠየቀ ሰው እንኳ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባለው የውድድር ዘመን ሪኬልሜና ፔሌግሪኒ ተቃቃሩ። ያ የተረዳው አሰልጣኝ፣ ያ ወንበሩን የሠራለት! በ2007 መጀመሪያ በውሰት ወደ ቦካ ላከው። እና ቪያሪያል ምን ሆነ? በ2007/08 ያለ ሪኬልሜ፣ በዚያው በፔሌግሪኒ፣ ላሊጋውን 2ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከእርሱ ጋር ካገኘው ሁሉ የተሻለ ደረጃ ነው። ለሪኬልሜ ጠበቃ ሆኜ ስቆም ይቺ ቁጥር ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። መልስ አለኝ ብዬ አላታልላችሁም። ምናልባት ያ ቡድን ኳስ መያዝን የተማረው ከእርሱ ነው፣ ምናልባት ደግሞ ፔሌግሪኒ ትክክል ነበር። ሁለቱም አብረው ሊቆሙ ይችላሉ።

በመሀል የ2006 የዓለም ዋንጫ አለ። የአርጀንቲና አሰልጣኝ ሆሴ ፔከርማን ነው፤ ሪኬልሜን ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ በ1997 አብረው የዓለም ወጣቶች ዋንጫን ወስደዋል። ሰርቢያና ሞንቴኔግሮን 6 ለ 0 ሲያሸንፉ ካምቢያሶ ያገባትን ያቺን ከ20 በላይ ቅብብል ያለባትን ግብ ያላየ ካለ ዛሬውኑ ይፈልግ። ከዚያ ሩብ ፍፃሜ፣ በርሊን፣ ከአስተናጋጇ ጀርመን ጋር። ሪኬልሜ የማዕዘን ምት ያሻግራል፣ አያላ በጭንቅላቱ ያገባል፣ 1 ለ 0። በ72ኛው ደቂቃ ፔከርማን ሪኬልሜን አስወጥቶ ካምቢያሶን አስገባ። ውጤቱን ለማስጠበቅ ነው፣ የሚሮጥ ሰው ለመጨመር። በ80ኛው ክሎዘ አቻ አደረገ፣ አርጀንቲና በመለያ ምት ወደቀች። ሜሲ ያን ቀን ከተቀያሪ ወንበር አልተነሳም። (ሜሲና ሪኬልሜ የልደት ቀናቸው አንድ ነው፣ ጁን 24፣ በ9 ዓመት ልዩነት። ምንም ትርጉም የለውም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው የጻፍኩት።)

ያን ጨዋታ ሳይ ፔከርማንን በልቤ አልወቀስኩትም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከወር በፊት፣ በግንቦት 1998 ዓ.ም.፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበረን። 1 ለ 0 እየመራን ነው። ያ በግራዬ ተቀምጦ ያልጮኸው ልጅ ጥሩ ቀን ነበረው፤ ግቧም የመጣችው እርሱ ቆም ብሎ ቆይቶ በሰጣት ኳስ ነው። ዓመቱን ሙሉ ግን ከመስመር ውጭ ሆኜ አንድ ቃል ነበር የምጮህበት፣ «ሩጥ!» ያን ቀንም ኳስ ተነጠቀና እርሱ ቆሞ ቀረ፣ እኔም ተናደድኩ። ሁለተኛው አጋማሽ ገና ሳይጋመስ አስወጣሁትና አንድ እንደ ፌንጣ የሚዘል ልጅ አስገባሁ። ተማሪው ሁሉ እያየ። እርሱ መለያውን አውልቆ አጣጥፎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠልኝ፣ ምንም አላለም።

1 ለ 0 አሸነፍን። እንደ ፔከርማን አልተቀጣሁም፣ ዋንጫችንን ወስደን እየዘፈንን ተመለስን። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ እጄን ጨበጠኝ። ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ ልምምድ አልመጣም። 12ኛ ክፍል ሲሆንም አልመጣም። ስጠይቀው «ማትሪክ ነው ቲቸር» አለኝ፣ እኔም ማትሪክ ነው አልኩ። ስለ ዋንጫው ለዓመታት አውርቻለሁ፤ ስለዚህኛው ነገር ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

የሪኬልሜ ታሪክ በርሊን ላይ አላለቀም። በ2007 በውሰት የተመለሰው ሰውዬ ቦካን ይዞ ኮፓ ሊበርታዶሬስን ወሰደ። 8 ግብ አገባ፣ ሦስቱን በፍፃሜው፤ ግሬሚዮን በደርሶ መልስ 5 ለ 0 አሸነፉ። ዕድሜው 29 ሊሞላ ነው፣ ከድሮውም ዘግይቷል። በ2008 ቤይጂንግ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ። በ2015 መጀመሪያ ጫማውን ሰቀለ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ያ በፕሬዚዳንቱ ፊት ጆሮውን የያዘው ልጅ ራሱ የቦካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። አሁን እርሱን የሚያኮርፉት ተጫዋቾች አሉት ማለት ነው፣ ይበለው።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ፣ የኔ ልጅ።

የላክልኝን ቪዲዮ አራት ጊዜ አየሁት። ስለ ልጁ የጻፍከው ሁሉ ልክ ይመስለኛል። ዘገምተኛ ነው፣ አይሮጥም። ግን ክለቡ የጠየቀህን ጥያቄ እንዳለ አትመልስላቸው። መጀመሪያ አንተ ጠይቃቸው። ኳስ ነጥቆ የሚሰጠው ሰው አላችሁ? ሴና የለንም ካሉህ ልጁ ባርሳ ላይ እንዳየነው ነው የሚሆነው፣ ስድስት ወር መስመር ላይ ያንገላቱትና «ድሮም ብለን ነበር» ይላሉ። ሁለት ጨዋታ ቢሸነፍ አሰልጣኙን የሚያባርሩ ከሆነም ይቅርበት፤ በእንዲህ ዓይነት ልጅ ዙሪያ ቡድን መሥራት ጊዜ ይፈልጋል፣ ያ ጊዜ የሌለው አሰልጣኝ ነገ ሯጭ ያስገባል። እኔም ያደረግኩት ያንን ነው። ለመሮጥ ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት አማካዮችና የሚታገስ አሰልጣኝ ያለበት ትንሽ ቡድን ካወቅህ ደግሞ፣ ደሞዙ ቢያንስም እዚያ ላከው። በ18 ዓመት ትልቅ ስም ያለው ክለብ ቤንች ላይ ከሚያረጅ ይሻለዋል።

በነፃም አትልቀቀው። ሪኬልሜ አለ ብለህ ሁሉንም ዘገምተኛ 10 ቁጥር ሪኬልሜ ነው እንዳትል፤ ሺህ ዘገምተኛ አለ፣ ከሺው ውስጥ አንዱ ነው ቆም ሲል የሚያስብ። ሌላው ቆም የሚለው ስለደከመው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ኳሷ እግሩ ላይ ሳትደርስ በፊት ነው። ከመቀበሉ በፊት ስንት ጊዜ ዞር ብሎ ከኋላው ያያል? ሪኬልሜ ከመቀበሉ በፊት ሁሉንም አይቶ ጨርሷል፣ ለዚህ ነው መሮጥ የማያስፈልገው። የላክልኝ ቪዲዮ ላይ ይህ አይታይም፣ ካሜራው ኳሷን ብቻ ነው የሚከተለው። አንተ ግን ከሜዳው ዳር ቆመህ ታየዋለህ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝና ቁጠርልኝ።

ወይም ተወው፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ቅዳሜ ጨዋታ አላችሁ አይደል? ሰዓቱን በቴሌግራም ጻፍልኝ። ሜዳው ላይ እንደ ድሮው አልጮህም፣ ቃል እገባለሁ።